ከጊዮርጊስ እስከ ዓባይ ማዶ ትራም ቢዘረጋስ?

ማዶ ነዋሪ

አስቀድሜ ልናገር፤ ይሄ ዜና አይደለም። የትኛውም መሥሪያ ቤት እንዲህ አቅዷል እያልኩ አይደለም። የራሴ ሐሳብ ነው፤ እንድትተቹት ነው ያመጣሁት።

ባሕር ዳር ውስጥ ዓባይ ማዶ የምንኖር ሰዎች የጠዋት ጣጣችን አንድ ነው። ሥራው፣ ገበያው፣ ሆስፒታሉ፣ ቢሮው አብዛኛው ከወዲያ ነው። ሰፈራችን ደግሞ በጎንደር መንገድ በኩል በየጊዜው እየሰፋ ነው። ይሄ ሁሉ ሰው የሚሻገረው በአንድ በኩል ብቻ ነው። እርግጥ አዲሱ ድልድይ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ እፎይ ብለናል። 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት አለው። የሳይክልና የእግረኛ መስመርም አለው። ከ60 ዓመት በላይ ያገለገለው የድሮው ድልድይ ላይ የነበረውን መጨናነቅ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ግን ድልድይ ሰፋ ማለት ትራንስፖርት ተገኘ ማለት አይደለም።

መስመሩን እንዲህ አስቤዋለሁ። ከቅዱስ ጊዮርጊስ አካባቢ ይነሳና በዋናው ጎዳና ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ድልድዩን ይሻገራል። ማዶ ሰፈር ውስጥ ያበቃል። ለመነሻ አምስት ኪሎ ሜትር እንበል። ገንዘብ ሲገኝ እስከ ዘንዘልማ ይቀጥላል። መሬት ላይ የሚሄድ፣ አጥር የሌለው፣ ወለሉ ዝቅ ያለ ትራም፤ ማለትም በጎዳና ሐዲድ ላይ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ባቡር። ፌርማታ በየ400 ሜትሩ። ከተማችን ሜዳ ናት፣ ለሐዲድ የተመቸች። ጀርመኖቹ በ1950ዎቹ ፕላኗን ሲነድፉ ጎዳናዎቿን ሰፋ አድርገው ነው የተዉልን።

30 ሜትር የሚረዝም ትራም 200 ያህል ሰው ይይዛል። ባጃጅ ሦስት ሰው ነው የሚጭነው። ስለዚህ አንድ ትራም ከ60 በላይ ባጃጅ ከመንገድ ያነሳል።

በሉ ተቹ።

ሦስት እግር

ወንድሜ፣ 60 ባጃጅ ስታነሳ 60 ቤተሰብም አብረህ እያነሳህ ነው። ባጃጅ የገዛነው በብድር ነው። አብዛኞቻችን የራሳችን እንኳ አይደለም፤ ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ እናደርጋለን። ቤንዚን ሲጠፋ ሌሊቱን ሰልፍ ላይ የምናድረው እኛ ነን። አሁን ደግሞ ትራም!

ይሄን ሳትመልስ ስለ ሐዲድ አታውራ።

ዘንዘልማ ካምፓስ

እኔ ተማሪ ነኝ። ዘንዘልማ ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ መግባቱ አሳዝኖኛል 😂 እኛ ሁልጊዜ ሁለተኛ ምዕራፍ ነን።

ከአዲስ ነኝ

ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው፤ አሁን የምኖረው አዲስ አበባ፣ ባቡሩ በሚያልፍበት ሰፈር። ስለዚህ ትንሽ ላስፋው።

የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው መስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ሁለት መስመር፣ 475 ሚሊዮን ዶላር። ከዚያ ውስጥ 85 በመቶው ከቻይናው ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። በኪሎ ሜትር ሲሰላ ወደ 14 ሚሊዮን ዶላር ይመጣል። በዚያን ጊዜ ዋጋ የማዶው ሰውዬ አምስት ኪሎ ሜትር 70 ሚሊዮን ዶላር ነው ማለት ነው። ዛሬ ስንት እንደሚሆን አስቡት።

መጀመሪያ ላይ እኛም ደስ ብሎን ነበር። ቲኬቱ 2፣ 4 እና 6 ብር። ከአያት ጦር ኃይሎች ያለ ዝውውር! ግን 41 ባቡር ተገዝቶ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከግማሽ በታቹ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ለምን? መለዋወጫ። መለዋወጫው የሚመጣው ከውጭ ነው፤ የሚገዛው በዶላር ነው። ቲኬቱ የሚሸጠው በብር ነው፣ ያውም ያኔ በ2 ብር። ይሄን ሒሳብ ማንም ነጋዴ ያውቀዋል።

ሌላው አጥሩ ነው። ሐዲዱ በአጥር ስለተከለለ ግራና ቀኙ ሁለት ሰፈር ሆኗል። ፊት ለፊትህ የምታየው ሱቅ ለመድረስ መሻገሪያ ፍለጋ ዞረህ ትሄዳለህ። አሮጊቶችና ዕቃ የተሸከሙ ሰዎች ናቸው የሚጎዱት። ማዶ ነዋሪ አጥር የሌለው ማለቱን ወድጄለታለሁ። ካዛብላንካ እ.ኤ.አ. በ2012 የከፈተችው ትራም እንደዚያ ነው፤ መሬት ላይ፣ ጎዳናው መሃል፣ ሰው በፊቱ እያቋረጠ። ስለዚህ አፍሪካ ውስጥ አይሠራም የሚለውን ክርክር አልቀበልም። ግን ብድሩን በተመለከተ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዳይሆን እፈራለሁ።

ማዶ ነዋሪ

@ከአዲስ ነኝ፦ መለዋወጫው ላይ ትክክል ነህ። ግን ይሄ የትራም ችግር ሳይሆን የቲኬት ዋጋና የጥገና በጀት ችግር ነው። አውቶብስም መለዋወጫ ይፈልጋል። የቆሙ አውቶብሶች የታጎሩበት ግቢ አላየህም?

@ሦስት እግር፦ ጋሼ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። መልስ አለኝ ብዬ አልዋሽም፤ ግን ትራሙ በዋናው ጎዳና ብቻ ነው የሚሄደው። ከፌርማታው ወደ ውስጥ፣ ኮብልስቶኑ ላይ፣ ሰውን የሚያደርሰው ማን ነው? እርስዎ ነዎት። አጭር ምልልስ፣ ብዙ ደንበኛ።

ሦስት እግር

አጭር ምልልስ አጭር ብር ነው። ደግሞ ጋሼ አይደለሁም፣ ገና ልጅ ነኝ 😄

ሐዲድና ሲሚንቶ

ሙያዬ ሲቪል ምህንድስና ነው፤ መንገድ ላይ ነው የሠራሁት። ሰው ስለ ትራም ሲያወራ ባቡሩን ነው የሚያየው። ወጪው ያለው ግን ከመሬት በታች ነው።

አንደኛ ነገር፣ ሐዲዱ የሚያርፍበት ኮንክሪት ሥር የውሃ ቱቦ፣ የቴሌ መስመር፣ የፍሳሽ መስመር ሊኖር አይችልም። ካለ ይዛወራል። አለዚያ አንድ ቱቦ በፈነዳ ቁጥር አገልግሎቱ ሊቆም ነው። ከቱቦው ውስጥ ስንቱ የት እንዳለ በካርታ ላይ እንደሌለ መንገድ ቆፍሮ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ስንቆፍር ነው የምናገኘው።

አፈሩ ደግሞ አለ። ከተማችን በብዙ ቦታ ጥቁር አፈር ላይ ናት። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። አስፋልት ቢወዛወዝ መኪና ይንገጫገጫል እንጂ ያልፋል። ሐዲድ ግን እንዲህ አይታገሥም። አፈሩን ቆርጦ ማውጣት፣ በተመረጠ ገረጋንቲ መተካት፣ ውሃ መውረጃ መሥራት ግድ ነው። ሐይቁ አጠገብ ስትሆን ደግሞ ትንሽ እንደቆፈርክ ውሃ ታገኛለህ።

አሁን ወደ ድልድዩ። 43 ሜትር ሰፊ ነው ማለት ትራም ይሸከማል ማለት አይደለም። የሐዲዱና የኮንክሪቱ ክብደት ቋሚ ጭነት ነው፤ ቀንም ሌሊትም እዚያው ነው። የትራሙ ክብደት ደግሞ በጥቂት አክስሎች (የጎማ ዘንጎች) ላይ ይሰበሰባል። ድልድይ በሙቀት ይረዝማል፣ ያጥራል፤ ሐዲድም እንዲሁ፣ ግን እኩል አይደሉም። ስለዚህ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ልዩ የሐዲድ ማያያዣ ያስፈልጋል። የዲዛይን ሰነዱን ሳያይ «ይችላል» ወይም «አይችልም» የሚል ሰው ካለ አትስሙት፤ እኔም ብሆን።

ስለ መብራት የሚጠይቅ መምጣቱ አይቀርም። ትራም አብዛኛውን ጊዜ በ750 ቮልት ቀጥተኛ ኃይል ነው የሚሄደው። በየሁለት ኪሎ ሜትሩ ገደማ ማሰራጫ ጣቢያ ይፈልጋል።

የሽምብጧ

ስለ መብራት ልጠይቅ ስል ቀደምከኝ። ታዲያ መልሱን ጨርሰው እንጂ! መብራት ሲጠፋ ድልድዩ መሃል ላይ ቆመን ጉማሬ ልንቆጥር ነው?

ሐዲድና ሲሚንቶ

ሃሃ። የማመንጨት ችግር አይደለም እህቴ። ጢስ ዓባይ አጠገባችን ነው። ከጣና ውሃ የሚቀዳው ጣና በለስ ብቻውን 460 ሜጋ ዋት ነው። አምስት ኪሎ ሜትር የትራም መስመር የሚፈልገው ከዚያ ጎን ኢምንት ነው። የሚያስቸግረው ከተማ ውስጥ ያለው ስርጭት ነው። ማሰራጫ ጣቢያዎቹ ከሁለት የተለያዩ መስመሮች ኃይል እንዲያገኙ ይደረጋል፤ አንዱ ሲጠፋ በሌላው ይሄዳል። አንዳንድ አዳዲስ ትራሞች ደግሞ ባትሪ ስላላቸው እስከሚቀጥለው ፌርማታ ይደርሳሉ። ድልድይ ላይ አትቀሪም።

ባለ ሳይክሉ

እስካሁን ማንም ያላነሳው ነገር አለ። እኔም የገረመኝ እሱ ነው። ይቺ የሳይክል ከተማ ናት እኮ!

የትራም ሐዲድ መሬት ውስጥ የተቀበረ ነው፤ ከጎኑ የትራሙ የብረት ጎማ ከንፈር የሚገባበት ቦይ አለው። ስፋቱ አራት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቀጭን ጎማ ያለው ሳይክል እዚያ ውስጥ ከገባ አለቀ። መሪህ አይዞርም። ሳይክሉ ይቆማል፣ አንተ ትቀጥላለህ። ዝናብ ሲሆን ደግሞ ብረቱ ራሱ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። እና እኛ ጋ ክረምት ስንት ወር እንደሚዘንብ ታውቃላችሁ።

ትራምና ሳይክል በብዛት አብረው ያሉባቸው ከተሞች አሉ፤ አምስተርዳምን ውሰዱ። የሚኖሩት ግን በዘፈቀደ አይደለም። ሳይክል የራሱ መስመር አለው። ሐዲዱን የሚያቋርጠው በቀጥታ ማዕዘን፣ በተለየ ቦታ ነው። በሹል ማዕዘን ማቋረጥ ነው የሚጥለው። ቦይውን በጎማ የመሙላት ሐሳብም ተሞክሯል፤ የትራሙ ክብደት ቶሎ ይጨርሰዋል።

ስለዚህ የኔ ቅድመ ሁኔታ ይሄ ነው። ትራሙ መሃል፣ ሳይክሉ ዳር፣ በመሃላቸው የሚቆም መኪና አይኑር። ግራ መታጠፊያዎች ላይ ሳይክሉ ቀጥ ብሎ እንዲሻገር የተሳለ መስመር ይኑር። ፌርማታው የሳይክሉን መስመር የሚያፍን ከሆነ ሳይክሉ በፌርማታው ጀርባ ይለፍ። ይሄ በመጀመሪያው ንድፍ ላይ ካልገባ በኋላ አይጨመርም። «በኋላ እናስተካክለዋለን» የተባለ የሳይክል መስመር ተስተካክሎ ያየ ካለ ይንገረኝ።

በነገራችን ላይ አባቶቻችን ወደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በሳይክል ነው ሲሄዱ የኖሩት። ትራም ሳይኖር።

ጡረተኛው

ልክ ነው። እኔ ከነዚያ አባቶች አንዱ ነኝ። ፈረቃ ሲለወጥ መንገዱ በሳይክል ይሞላ ነበር፤ መኪና ነበር ለሳይክል የሚቆመው።

ልጆች፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ይሄ ሽቦ ከላይ የሚዘረጋ ነው? ዘንባባዎቹስ? ጥምቀት ላይ ታቦቱ ሲወጣ ያን ሁሉ ሕዝብ፣ ያን ሁሉ ጥላና ዓርማ የት ልታደርጉት ነው?

ማዶ ነዋሪ

ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ። ሽቦው ከአምስት ሜትር ተኩል በላይ ነው የሚሰቀለው፤ ጥላም ዓርማም ከሥሩ ያልፋል። ጥር 10 እና 11 ግን ትራሙ ራሱ መቆም አለበት፤ ኃይሉም ይጠፋል። በሰልፍና በበዓል ቀን መስመር መዝጋት ሌላም አገር የተለመደ ነው። ዘንባባው ዳርና አካፋይ ላይ እንደቆመ ሁሉ ምሰሶውም በመሃሉ ሊገባ ይችላል። ሽቦ ጨርሶ የማይፈለግበት ቦታ ካለም መንገድ አለ። የፈረንሳዩ ቦርዶ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በጥንታዊው የከተማ ክፍል ኃይሉን ከመሬት ውስጥ ነው የሚሰጠው፤ ትራሙ ሲያልፍበት ብቻ የሚበራ። ውድ ነው እንጂ አለ።

ጡረተኛው

ውዱን ተወው ልጄ።

የሽምብጧ

እኔ ገበያ ነው የምውለው። ሽንኩርት፣ ቲማቲም። ጆንያ ይዤ ነው የምሻገረው። ባጃጅ ጆንያውን ከኋላ ይጭንልኛል፤ ዋጋ ተከራክረን ነው፣ ግን ይጭናል። ትራም ውስጥ ጆንያ ያስገባሉ? ዶሮስ? አዲስ አበባ ከተማ አውቶብስ ላይ ረዳቱ ጆንያዬን አይቶ «እናትዬ ይሄ የጭነት መኪና አይደለም» ብሎ አውርዶኛል።

ሌላ ነገር። እናቴ በዊልቸር ነው የምትሄደው። ሚኒባስ ላይ ተሸክመን ነው የምናወጣት። እሷ ትጠላዋለች፤ ሰው ሲሸከማት ትሰድባለች። ወለሉ ዝቅ ያለ ስትል ምን ያህል ነው?

ሐዲድና ሲሚንቶ

ከሐዲዱ 30 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ነው። ፌርማታው በዚያው ልክ ከፍ ተደርጎ ይሠራል። በሩ ሲከፈት ወለልና ወለል እኩል ነው። ዊልቸሩ በራሱ ይገባል፤ ጆንያም በጋሪ ይገባል፣ ካስገቡሽ። ይሄ ነው የትራም ትልቁ ጥቅም ብዬ የማምነው፤ ሰው ግን ሁልጊዜ ስለ ፍጥነት ነው የሚያወራው። ዝቅተኛ ወለል ያለው አውቶብስም እንዲህ ሊሆን ይችላል፣ ሹፌሩ ፌርማታው ላይ ተጠግቶ ከቆመ።

ከአዲስ ነኝ

እሱን ነው ልል የነበረው። አውቶብስ! ለምን ዘላችሁ ሐዲድ ላይ ወጣችሁ? አገሩ የነዳጅ መኪና ማስገባት ካቆመ ወዲህ የኤሌክትሪክ አውቶብስ አዲስ አበባ ውስጥ እየሮጠ ነው። ድልድዩ ላይ በየአቅጣጫው ካሉት መስመሮች አንዱን ቀለም ቀቡት፣ ለአውቶብስ ብቻ አድርጉት። ሲሚንቶ እንኳ አይፈልግም። 80 ሰው የሚጭን አውቶብስ በየሦስት ደቂቃው ቢመጣ በሰዓት 1,600 ሰው በአንድ አቅጣጫ ያሻግራል። ከዚህ በላይ ተሳፋሪ መኖሩ ሳይታወቅ ስለ ሐዲድ ማውራት «ላም አለኝ በሰማይ» ነው።

ማዶ ነዋሪ

ቀለም ትቀባለህ፤ በሳምንቱ ሚኒባስ ይቆምበታል። በወሩ የአሸዋ ሲኖትራክ ይቆምበታል። ሐዲድ ላይ ግን ማንም አይቆምም። እኔን ወደ ሐዲድ የሚጎትተኝ ይሄ ነው፤ ማስከበር የማይችል ከተማ የማይጣስ ነገር ያስፈልገዋል።

ባለ ሳይክሉ

ሐዲድ ላይም ይቆማሉ። ፖርትላንድ የምትባል የአሜሪካ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2001 የከፈተችው ትራም ከመኪና ጋር አንድ መስመር ይጋራል። አንድ መኪና ዳር ላይ ወጣ ብሎ ከቆመ ትራሙ ይጠብቃል፤ ዞሮ ማለፍ አይችልማ። አውቶብስ ቢሆን ይዞር ነበር።

ሕግና ሊዝ

ፖርትላንድ ከተነሳች እዚያ የወደድኩት ሌላ ነገር ነው። በመስመሩ ዳር ያሉ ባለንብረቶች ከግንባታው ወጪ ከፊሉን ከፍለዋል። ለምን? ሐዲድ ሲዘረጋ የመሬታቸው ዋጋ ይጨምራላ። አውቶብስ ነገ መስመር ሊቀይር ይችላል፤ ሐዲድ አይነሳም። ሕንጻ የሚሠራ ሰው ይሄን ያያል።

እኛ ጋ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ከተማው በሊዝ ያወጣዋል። ስለዚህ በንድፈ ሐሳብ ለኛ ይቀልላል። መስመሩ የት እንደሚያልፍ አስቀድሞ በመዋቅራዊ ፕላን ይጸድቃል፤ ፌርማታዎቹ አጠገብ ያለው ክፍት መሬት በጨረታ ይወጣል፤ ጭማሪው ለመስመሩ ሥራ ይውላል። በተግባር ግን የሊዝ ገንዘብ አንድ ቋት ውስጥ ገብቶ ይቀላቀላል። ለብቻው ሒሳብ ካልተከፈተለት ትራሙ አይቶት አያውቅም።

ካሳም አትርሱ። መንገድ ሲሰፋ የሚነሱት ብዙ ጊዜ ተከራዮችና አነስተኛ ሱቆች ናቸው። ቤት የሌለው ተከራይ ለቤቱ የሚከፈለውን ካሳ አያገኝም። በፌርማታው የሚጠቀመውና በግንባታው የሚነሳው አንድ ሰው አይደለም።

ዘንዘልማ ካምፓስ

ይቅርታ፣ ግን አሁን ባለው ሁኔታ ስለ ትራም ማውራት ትንሽ አይከብድም? መጀመሪያ ሰላሙ ይምጣ። ማታ በሰዓት ቤት የሚገባ ሰው ትራም ምን ያደርግለታል?

ጡረተኛው

ልጄ፣ ፕላን የሚሠራው በመጥፎ ጊዜ ነው። ጥሩ ጊዜ ሲመጣ ሁሉም ለመገንባት ይሽቀዳደማል እንጂ የሚያስብ የለም። ስለ ሰላሙ ግን እግዜር ይስማህ።

ማዶ ነዋሪ

ሸጋ ክርክር ነው። እኔም ሐሳቤን ላጥብበው።

ነገ ሐዲድ ይነጠፍ አላልኩም። የምጠይቀው ቦታው እንዲያዝ ነው። ሁለት ሐዲድ ጎን ለጎን ለማሳለፍ ሰባት ሜትር ገደማ ይበቃል። ከጊዮርጊስ እስከ ማዶ የጎዳናው መሃል ሰባት ሜትር በፕላን ይከበር። ለዲፖ (ትራሞቹ ለሚያድሩበትና ለሚጠገኑበት ግቢ) የሚሆን መሬት ማዶ በኩል፣ ክፍት ሳለ፣ ምልክት ይደረግበት፤ ቤት ከተሠራበት በኋላ ማንም አያነሳውም። ለኮሪደር ልማት መንገዱ በሚቆፈርበት ጊዜ ቱቦውና ገመዱ አብሮ ወደ ዳር ይውጣ። ሐዲድና ሲሚንቶ እንዳለው ወጪው እዚያ ነው፤ ዛሬ ስንቆፍር ካልወጣ ነገ ሁለተኛ እንቆፍራለን። ያ ሰባት ሜትር እስከዚያው ባዶ አይቀመጥም፤ ከአዲስ ነኝ የሚለው አውቶብስ ይሂድበት። አውቶብሱ ሞልቶ ከተረፈ ያኔ ሐዲድ።

ከአዲስ ነኝ

እንዲህ ከሆነ ተስማምቻለሁ። ግን አውቶብሱ ይመጣል ብለህ ስታስብ ቲኬቱን በ2 ብር አታስብ። ጥገናውን የማይሸፍን ዋጋ ከሆነ ልዩነቱን ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ በጽሑፍ ይቀመጥ።

ባለ ሳይክሉ

የኔን ቅድመ ሁኔታ ዘለልከው።

ማዶ ነዋሪ

አልዘለልኩም። ሳይክሉ ዳር፣ በራሱ መስመር። ተመዝግቧል።

ሐዲድና ሲሚንቶ

ሁላችንም የምናወራው ስንት ሰው እንደሚሻገር ሳናውቅ ነው። ድልድዩ ላይ ቆጠራ ማድረግ ከባድ አይደለም። ጠዋት ከ12:30 እስከ 3:00 ሰዓት፣ በሁለቱም በኩል፣ በሥራ ቀን። ቅዳሜ ለብቻ፣ ገበያው ስላለ። በየ15 ደቂቃው ከፋፍላችሁ ጻፉ፤ አለዚያ ሰው በጣም የሚበዛበት ሰዓት ይጠፋል። እግረኛ፣ ሳይክል፣ ባጃጅ፣ ሚኒባስ፣ አውቶብስ፣ የግል መኪና እየለያችሁ። ፖሊስ ሳይነገረው ግን ድልድይ ላይ ወረቀት ይዛችሁ አትቁሙ፤ መጀመሪያ ፈቃድ።

ዘንዘልማ ካምፓስ

ለፈቃዱ ከዲፓርትመንት ደብዳቤ ልጠይቅ እችላለሁ። ከሰጡኝ ልጆችም አሰባስባለሁ።

የሽምብጧ

ጆንያም ቁጠሩ።

ሦስት እግር

እኔም እመጣለሁ። ባጃጅ ስትቆጥሩ ባዶውን ከሞላው ለይታችሁ ጻፉ። ጠዋት ከማዶ ሞልተን እንወጣለን፤ ስንመለስ ግን ባዷችንን ነው፣ ቤንዚኑን በነጻ እያቃጠልን። የምናስከፍለው ዋጋ የተወደደባችሁ አንዱ ምክንያት እሱ ነው። አውቶብሳችሁም እንደዚሁ ባዶውን መመለሱ አይቀርም፤ ሒሳቡን ስትሠሩ አስገቡት።